ሕልም ይመዘናል እንጂ ሚዛን አይሆንም

ምስጋና ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ልጆች በማስቀራባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ቁርኣኗን ዘግታ ደብተር ላይ ትጽፋለች። የትምህርት ቤት የቤት ሥራ መስሎኝ አለፍኳት። ሌሎቹን አስቀርቼ ስመለስም ትጽፋለች። ጎንበስ ብዬ ሳይ ለካ አንድ ወረቀት እየገለበጠች ኖሯል። ዘጠነኛው ቅጂ ላይ ደርሳለች፤ ሠላሳ መሙላት አለባት። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ኡስታዝ፣ እማዬ ሦስት ሌሊት አልተኛችም። ካልበተንነው አባዬን መንገድ ላይ አደጋ ያገኘዋል ብላ ፈርታለች» አለችኝ። አባቷ በጅቡቲ መስመር የሚሠራ የጭነት መኪና ሾፌር ነው።

ወረቀቱን ታውቁታላችሁ። ሸኽ አሕመድ የተባለ የመዲናው መስጂድ አገልጋይ በጁሙዓ ሌሊት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በሕልሙ አየ ይላል። ይህን ያህል ሺህ ሰው ያለ ኢማን ሞተ ይላል፤ ቁጥሩ ከቅጂ ቅጂ ይለያያል። ገልብጦ የበተነ ይከብራል፣ ዕዳው ይከፈልለታል፤ ያልበተነ መከራ ይወርድበታል፤ ያስተባበለ ደግሞ ከፍሯል ብሎ ያስፈራራል። እኔ ልጅ ሳለሁ በካርቦን ወረቀት ተገልብጦ ይመጣ ነበር። ኋላ በፎቶ ኮፒ መጣ። ዛሬ በቴሌግራምና በዋትስአፕ ይዞራል። በእጅ የሚያስገለብጡ እናቶችም አልጠፉም።

ወረቀቱ የእኛ ዘመን ፈጠራ አይደለም። በ1935 እ.ኤ.አ. ያረፉት የ«አል-መናር» መጽሔት አዘጋጅ ሸኽ ረሺድ ሪዷ፣ ማንበብና መጻፍ ከተማሩበት የልጅነት ዘመናቸው ጀምሮ ይህንኑ ዓይነት ወረቀት ደጋግመው እንዳዩት ጽፈዋል። በ1999 እ.ኤ.አ. ያረፉት የሳዑዲ ዐረቢያው ሙፍቲ ሸኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ባዝም ውሸት መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ አውጥተዋል። እንግዲህ አስሉት! ከመቶ ዓመት በላይ የሚኖር፣ የማይጃጅ፣ የማይሞት፣ ያንኑ ሕልም ደጋግሞ የሚያይ አንድ ሸኽ አሕመድ! በዚህ ሁሉ ዘመን ቤቱ ሄዶ ያናገረው፣ ከአንደበቱ የሰማው አንድም ምስክር የለም።

ይሁን እንጂ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት በወረቀቱ ብቻ ምክንያት አይደለም። ወረቀቱ የበሽታው አንድ ምልክት ነው። በሽታው ሌላ ነው፤ «ታየኝ፣ ተገለጠልኝ፣ በልቤ መጣ» የሚለውን ቃል ከቁርኣንና ከሐዲስ እኩል ማስቀመጥ ነው። አንዳንዴም ከእነሱ በላይ።

ይህ በሽታ ምን እንደሚያደርስ እኔ ባይኔ አይቻለሁ። በሠፈራችን የሚጥል በሽታ ያለባት አንዲት ሕፃን ነበረች። በየቀኑ የምትውጠው ኪኒን ነበራት፤ ወድቃ ሳትታይ ወራት አልፈው ነበር። አንድ ቀን «ተገልጦልኛል» የሚል ሰው ወደ ቤቱ መጣ። ስሙን አልጠራም፤ ሥራውን ግን እናገራለሁ። ኪኒኑ የያዛትን እያስቆጣው ነው፣ አቁሙላት ተብዬ ታዝዣለሁ አለ። ወላጆቿ ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ የአላህን ወዳጅ መቃወም ፈሩ። አቆሙላት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከበፊቱ ብሶ እንደሚመለስ ሐኪም ሁሉ ያውቃል፤ የነገራቸው ግን አልነበረም። በሳምንቱ እናቷ ወጥ ለመሥራት ከሰል አቀጣጥላ ወደ ጓዳ ገባ ስትል ልጅቷ እሳቱ ላይ ወደቀች። ሕይወቷ ተርፏል፤ አልሐምዱሊላህ። ቀኝ እጇ ግን ዛሬም አይዘረጋም። ያ ሰውዬስ? «እምነታችሁ ጎደለ» ብሏቸው ሄደ። የዚህች ልጅ እጅ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው ያዘዙ መሆናቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። ሕልሙ የሐዲሱ ተቃራኒ ሲሆን የትኛውን እንጣል? ለሙእሚን ይህ ጥያቄ ሊሆን ባልተገባ ነበር።

ሕልም ከንቱ ነው አላልኩም

ውድ አንባቢ! እዚህ ላይ «ይህ ሰው ሕልምን ሊክድ ነው» እንዳትሉኝ። ሕልምን የሚክድ ሱናን ይክዳል። መልካም ሕልም ከነቢይነት 46 ክፍሎች አንዱ መሆኑ በቡኻሪና በሙስሊም የተረጋገጠ ነው። ነቢያዊ ብሥራት ከሆኑት ነገሮች ለኡመቱ የቀረው መልካም ሕልም መሆኑም እንዲሁ። የአላህ ወዳጆች (አውሊያእ) መኖራቸውን ቁርኣን በሱረቱ ዩኑስ 62ኛና 63ኛ አንቀጽ ይነግረናል። ማንነታቸውንም አብሮ ያስረዳል፤ ያመኑና አላህን የሚፈሩ ናቸው። ልብ በሉ! የታያቸው፣ የተገለጠላቸው አላለም። ኢማንና ተቅዋ ነው ያለው።

ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሕልም ሦስት ዓይነት መሆኑንም አስተምረውናል። አንዱ ከአላህ የሆነ ብሥራት ነው። ሁለተኛው ሰይጣን ሊያስጨንቅበት የሚያመጣው ነው። ሦስተኛው ሰው ቀን ያሰበውን ማታ ማየቱ ነው። እንግዲህ ሕልም አየሁ ያለ ሰው የትኛውን እንዳየ በምን ያውቃል? ሕልሙ ራሱ «እኔ ከአላህ ነኝ» ቢለውስ? ሰይጣንም እኮ እንዲሁ ብሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከሕልሙ ውጪ የሆነ፣ ሕልሙ የሚለካበት ሌላ ሚዛን ያስፈልጋል። ያም ሚዛን የአላህ ኪታብና የመልእክተኛው ሱና ነው። ሥጋ የሚመዝን ነጋዴ ሥጋውን በሥጋ አይመዝንም።

እኛ የአቃቂ ሰዎች ለዚህ ነገር ምሳሌ ለማግኘት ሩቅ መሄድ የለብንም። ከእንጦጦና ከወጨጫ ተራሮች የሚወርደው ውሃ በላይ በኩል ንጹሕ ነው። በከተማው መሐል አልፎ፣ የቆዳውንና የማቅለሚያውን፣ የቤቱንና የመንገዱን ቆሻሻ ተሸክሞ ትንሹ አቃቂና ትልቁ አቃቂ ሆኖ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ማን ይጠጣዋል? ምንጩ ንጹሕ ነው ብሎ ለልጁ የሚያጠጣ አለ? መልካም ስሜትም እንዲሁ ነው። ከላይ ንጹሕ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የሚያልፈው ግን በእኔና በአንተ ልብ ውስጥ ነው። በልባችን ውስጥ ደግሞ ቂም አለ፣ ፍርሃት አለ፣ የገንዘብ ፍቅር አለ፣ ታዋቂ የመሆን ምኞት አለ። ነቢያት ከዚህ ሁሉ የተጠበቁ ናቸው። እኛ አይደለንም። ስለዚህ ሳይጣራ አይጠጣም።

የታላላቆቹ ምስክርነት

የሻፊዒይ መዝሀብ ደረሳ ሁሉ ኢማም አን-ነወዊን ያውቃል። በ676 ዓ.ሂ. (1277 እ.ኤ.አ.) ያረፉ፣ በወሎም በሐረርም «ሚንሃጅ» የተሰኘው ኪታባቸው የተቀራላቸው ሊቅ ናቸው። ዘሂድ ሰው ነበሩ። «ሪያዱ-ሷሊሒን» በተባለው ኪታባቸው ስለ አውሊያእ ከራማ ራሱን የቻለ ባብ ከፍተዋል። ማንም ደረቅ ሰው ነበሩ ሊላቸው አይችልም። እኚህ ሰው «አል-መጅሙዕ» በተባለው ታላቅ ኪታባቸው የሚከተለውን ጉዳይ ያነሣሉ። የሻዕባን ሠላሳኛ ሌሊት ነው እንበል። ጨረቃ አልታየችም። አንድ ሰው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) በሕልሙ አየና «ዛሬ ሌሊት የረመዷን መጀመሪያ ነው» አሉት። ነገ ይጾማል? የነወዊ መልስ፣ በዚህ ሕልም ምክንያት ጾሙ አይጸናም፤ ለራሱ ለባለ ሕልሙም ቢሆን፣ ለሌላውም ቢሆን፤ የሚል ነው።

ይህን ያሉት ሰይጣን በነቢዩ መልክ ሊመጣ እንደማይችል የሚናገረውን ሐዲስ ዘንግተው አይደለም። ሐዲሱን በሚገባ ያውቁታል፤ ሸርሕም ሠርተውበታል። ምክንያታቸው ግልጽ ነው። ምስክር የሚቀበሉት ንቁ ከሆነ፣ የሰማውን በትክክል ከሚይዝ ሰው ነው። የተኛ ሰው ግን የሰማውን በትክክል የሚይዝ አይደለም። አያችሁ! ጥርጣሬው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ አይደለም፤ ሩቅ ይሁን። ጥርጣሬው በተኛው ሰው ጆሮ ላይ ነው። ከነቃ ሰው የሚመጣ ሐዲስ እንኳ ዘጋቢው አንድ በአንድ ይመረመራል። ማስታወሱ የደከመ ዘጋቢ ሐዲሱ ዶዒፍ ይባላል። ከንቁ ሰው ይህን ያህል ጠይቀን ካንቀላፋ ሰው ዝም ብለን እንቀበል?

የአንድ ቀን ጾም እንኳ በሕልም ካልጸና፣ የሕፃን መድኃኒት እንዴት በሕልም ይቋረጣል? ትዳር እንዴት በሕልም ይፈርሳል? ጎረቤት እንዴት በሕልም መተተኛ ይባላል? ይህ ሁሉ በሠፈራችን የሚሆን ነገር ነው።

«እነሱ የፊቅህ ሰዎች ናቸው፤ የልብን ነገር የት ያውቁታል?» የሚል አይጠፋም። መልካም፤ የልብ ሰዎችን እንጠይቅ። የሱፍዮች ሁሉ አለቃ የሚባሉት አል-ጁነይድ (ሞት 298 ዓ.ሂ.፣ 910 እ.ኤ.አ.) ሥራቸው ሁሉ በኪታብና በሱና የታሰረ መሆኑን አስተምረዋል። እሳቸው ራሳቸው ከአቡ ሰውር ዘንድ ፊቅህ የቀሩ ሰው ናቸው። ከእሳቸው በፊት የነበሩት አቡ ሱለይማን አድ-ዳራኒ (ሞት 215 ዓ.ሂ.፣ 830 እ.ኤ.አ.) በልባቸው የሚመጣውን ረቂቅ ሐሳብ ለቀናት ይዘው እንደሚቆዩና ሁለት ሚዛናዊ ምስክሮች፣ ማለትም ኪታብና ሱና፣ ካልመሰከሩለት እንደማይቀበሉት ተናግረዋል። በአገራችን ብዙ ሰው የሚወዳቸው ሸኽ ዐብዱልቃዲር አል-ጀይላኒስ (ሞት 561 ዓ.ሂ.፣ 1166 እ.ኤ.አ.)? ስለ እሳቸው እንዲህ ይተረካል። በዒባዳ ላይ ሳሉ ሰማዩን የሞላ ብርሃን ታያቸው። ከውስጡ «እኔ ጌታህ ነኝ፤ ሐራሙን ሁሉ ሐላል አድርጌልሃለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። እሳቸው ግን ሰይጣን መሆኑን ዐውቀው አባረሩት። በምን ዐወቁት? የአላህ ሸሪዓ በማንም ላይ እንደማይሻር ያውቁ ስለነበረ ነው። ብርሃኑን በፊቅህ መዘኑት። ዛሬ በስማቸው የሚምሉ አንዳንድ ሰዎች ያ ብርሃን ቢታያቸው ምን ይሉ ነበር? ልባችሁ ይፍረድ።

ከነቢያት ቀጥሎ ልቡ ከዑመር (ረ.ዐ.) ልብ የበለጠ ለኢልሃም የቀረበ ማን አለ? በዚህ ኡመት ውስጥ ሐቅ በልቡ የሚጣልለት ሰው ካለ ዑመር እንደሆኑ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው መስክረውላቸዋል። ሆኖም ነቢዩ ያረፉ ዕለት ዑመር «አልሞቱም» ብለው በጽናት ቆሙ። አቡበክር (ረ.ዐ.) መጥተው የቁርኣኑን አንቀጽ ሲያነቡላቸው እግራቸው ከዳቸው፤ ተቀበሉም። «እኔ ኢልሃም የሚመጣልኝ ሰው ነኝ፤ አንተ አንቀጽ ታነብብኛለህ?» አላሉም። ወንድሜ ሆይ! ዑመር ያላሉትን አንተ ከየት አምጥተህ ትላለህ?

የሚነሡ መከራከሪያዎች

አንደኛው መከራከሪያ «አዛን ራሱ በሕልም አይደል የመጣው?» የሚል ነው። እውነት ነው። ዐብደላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) የአዛንን ቃል በሕልማቸው ሰምተዋል። ከዚያስ ምን አደረጉ? ጣሪያ ላይ ወጥተው አዛን አሉ? አላሉም። ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሄደው ተናገሩ። ነቢዩ እውነተኛ ሕልም መሆኑን ሲያረጋግጡና ቢላል እንዲጣራበት ሲያዙ ነው ሸሪዓ የሆነው። አዛንን ሕግ ያደረገው የነቢዩ ማጽደቅ ነው። ዛሬ አንተ ያየኸውን ማን ያጸድቅልሃል? ስለዚህ ይህ ታሪክ ለእናንተ ሳይሆን በእናንተ ላይ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው «ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) በሕልም ልጃቸውን ሊያርዱ ታዘው የለም?» የሚል ነው። የነቢያት ሕልም ወሕይ ነው። ነቢይ ነኝ የሚል ካለ ይምጣና እንነጋገር።

ሦስተኛው የሙሳና የኸድር (ዐ.ሰ.) ታሪክ ነው። ኸድር መርከቧን ነደለ፣ ልጁን ገደለ፤ ሙሳም በላይ ላዩ ብቻ አይተው ተቃወሙ፤ ስለዚህ የውስጥ ዕውቀት ያለው ሰው በሸሪዓ አይጠየቅም ይላሉ። በዚያው በሱረቱል ከህፍ በታሪኩ መጨረሻ ላይ ኸድር ያን ሁሉ በራሳቸው ፈቃድ እንዳላደረጉት ይናገራሉ። አላህም ዕውቀት የሰጣቸው መሆኑን በቁርኣኑ መስክሮላቸዋል። ለአንተ ማን መሰከረልህ? ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ልጆችን ስለ መግደል ለጠየቃቸው የኸዋሪጅ አለቃ፣ ኸድር ስለዚያ ልጅ ያወቁትን የምታውቅ ከሆነ በማለት አፉን ዘግተውታል። እኔም ያንኑ እላለሁ።

አራተኛውና ብዙ ሰው ዝም የሚያሰኘው «አልቀመስከውም፤ የቀመሰ ነው የሚያውቀው» የሚል ነው። ኢማም አል-ገዛሊ (ሞት 505 ዓ.ሂ.፣ 1111 እ.ኤ.አ.) ቀምሰዋል። በ488 ዓ.ሂ. የባግዳድን ታላቅ መድረሳ ወንበር ጥለው የወጡት ይህንኑ ፍለጋ ነው። ሲመለሱ ምን ይዘው መጡ? «ኢሕያእ»ን ክፈቱና እዩ። አርባ መጽሐፍ አለው። የመጀመሪያው ስለ ዕውቀት ነው። ሁለተኛው ስለ ዐቂዳ መሠረቶች ነው። ከዚያ ጠሃራ፣ ከዚያ ሶላት፣ ዘካ፣ ጾም፣ ሐጅ እያለ ይሄዳል። ስለ ልብ ምሥጢራት የሚናገረው መቼ ነው? 21ኛው ላይ! የቀመሰው ሰው ጠሃራን ሦስተኛ፣ የልብን ምሥጢር 21ኛ አደረገ። የእኛ ሠፈር ሰው ግን ጠሃራውን ሳያውቅ ከ21ኛው ይጀምራል።

በወሎ የነበሩ ሸኾቻችንም መንገዳቸው ይኸው ነበር። ዳናና ጀማ ንጉሥ ዛሬ የሚታወቁት በዚያራቸው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ደረሳ ከሩቅ አገር ጭምር እየመጣ የቀራባቸው የዕውቀት ቦታዎች ነበሩ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ሲያዙ፣ እንደ ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉት ዓሊሞች ሕዝቡን ይዘው የቆሙት በዐቂዳ ነው። መንዙማቸውም ማንበብ ለማይችለው ሕዝብ ተውሒድንና ሲራን በአማርኛ የሚያስተምር ነበር። ስማቸውን እየጠራ ኪታባቸውን የማያውቅ ሰው ወራሻቸው አይደለም።

ለሌላውም ወገን

ይህን ሲያነብ ደስ ያለው ወጣት ይኖራል። «ኡስታዝ ለሱፍዮቹ ልካቸውን ነገራቸው» ይል ይሆናል። ቆይ ልጄ፤ አንተም ዘንድ መጥቻለሁ።

አንተ ሁለት ወር ደርስ ተከታትለህ፣ ከስልክ ላይ ሦስት ንግግር አዳምጠህ፣ ያሳደገችህን አያትህን «ሙሽሪክ» ብለህ ያፈሰሰችውን ቡና የማትጠጣ፣ ይህን ከየት አመጣኸው? ስማቸውን የምትጠራቸው ኢብን ተይሚያ (ሞት 728 ዓ.ሂ.፣ 1328 እ.ኤ.አ.) «አል-ዐቂደቱል ዋሲጢያ» በተባለው ኪታባቸው የአውሊያእን ከራማ ማመን ከአህሉ-ሱና መሠረቶች መሆኑን ጽፈዋል። የሸኽ ዐብዱልቃዲርን «ፉቱሑል ገይብ» ከፊሉን ሸርሕ አድርገዋል። ከእሳቸው አራት መቶ ዓመት ያህል ቀድመው የኖሩት ኢማም አጥ-ጠሓዊም (ሞት 321 ዓ.ሂ.) በዐቂዳቸው ማንንም ወሊይ ከነቢይ እንደማያስበልጡ፣ በከራማቸው ግን እንደሚያምኑ ገልጸዋል። አንተ የምትከተለው ማንን ነው?

ዱዓ ለአላህ ብቻ ነው፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። አያትህ ስሕተት ብትናገር አስተምራት። ነገር ግን ምን ማለቷ እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ ሳታስረዳ፣ ሳትታገሥ ከኢስላም የምታስወጣት አንተ ማን ነህ? እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የነቢያትን ስም፣ የበድርን ታሪክ፣ የአኺራን ነገር የሰማችው በመንዙማ ነው። ሱብሕ አምልጧት አያውቅም። እኔ ኪታብ የቀራሁት እሷ ጠላ ሻጭ ጎረቤቶች መሐል ሆና ሐራምና ሐላል ለይታ ስላሳደገችኝ ነው።

ልንገርህ፤ አንተና ያ «ተገለጠልኝ» ባይ የተለያያችሁ ይመስላችኋል። በሽታችሁ ግን አንድ ነው። እሱ ስሜቱን ሸሪዓ አደረገ። አንተ ቁጣህን ሸሪዓ አደረግህ። ሁለታችሁም ከዓሊም ፊት ተንበርክኮ ዓመታት መቅራት ከበዳችሁ። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የአገራችን ዑለማእ ከሁለቱም ወገን አንድ ላይ ተቀምጠው ለአንድነት ሲስማሙ፣ በየቤቱ የአባትና የልጅ ጠብ አብሮ ይቆማል ብለን ነበር። ዑለማእ የተስማሙበትን በማዕድ ዙሪያ ማፍረስ የአንተ ድርሻ አይደለም።

በቤታችን ምን እናድርግ?

መልካም ሕልም ያየ አላህን ያመስግን፤ ለሚወደው ሰው ይንገር። ክፉ ሕልም ያየ ከሰይጣን በአላህ ይጠበቅ፣ በግራው በኩል ሦስት ጊዜ ትፍ ይበል፣ ጎኑን ይለውጥ፣ ለማንም አይንገር፤ አይጎዳውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ያስተማሩት ይህንን ነው። ወረቀት አባዝቶ መበተን የለበትም። ደግሞስ ፎቶ ኮፒ የማስነሻ ገንዘብ ያለው ሸፈዓ አግኝቶ የሌለው ሊከለከል ነው? በእንዲህ ያለ ነገር ነቢያችንን እናስደፍራለን?

ሌላም ልጨምር። በወጣትነቴ ወሎ ደረሳ ሳለሁ እኔም አንድ ሕልም አይቼ ነበር። ነጭ የለበሰ ሽማግሌ መጥቶ «ኪታቡ ይበቃሃል፤ ተነሥና ሂድ» አለኝ። ጠዋት ጓዜን ጠቅልዬ ልሰናበት ወደ ሸኼ ገባሁ። በጥሞና አዳመጡኝና ሦስት ነገር ጠየቁኝ። «ያዘዘህ ነገር በኪታቡ ውስጥ አለ ወይስ ኪታቡን ይቃወማል?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «ነፍስህ ቀድማ የምትፈልገው ነገር ነው ወይስ የምትጠላው?» አሉኝ። ከተማ ናፍቆኝ እንደነበረ ያውቃሉ። አሁንም ዝም አልኩ። ሦስተኛውን ፈገግ ብለው ጠየቁኝ። «ያ ሽማግሌ ዛሬ ሱብሕን በጀማዓ እንዳልሰገድክ አልነገረህም?» ጓዜን ፈታሁ። ስምንት ዓመት ተቀመጥኩ።

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለቤታችሁ ያዟቸው። ቤታችሁ መጥቶ «ታየኝ» ለሚል ሁሉ አቅርቡለት። ሕልሙ ሸሪዓን ይቃወማል? ባለ ሕልሙ ከነገሩ ጥቅም ያገኛል? ባለ ሕልሙ በፈርዱ ላይ እንዴት ነው? ከዚህ ካለፈ መልካም ብሥራት ነው፤ ደስ ይበላችሁ፤ ሕግ ግን አይደለም። ካላለፈ፣ ባለ ሕልሙ ጥምጣሙ ምንም ያህል ቢረዝም፣ በሩን አሳዩት። የታመመ ልጅ ካላችሁ ዱዓውንም ኪኒኑንም አታቋርጡ። ሁለቱ አይጣሉም፤ ያጣሏቸው ሰዎች ናቸው።

ያን ቅዳሜ ልጅቷን ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ ጥሩ ሙስሊም ናት፤ የፈራችው አላህን ስለምትወድ ነው። ያስተማራት ስለሌለ ግን ፍርሃቷን ሌላ ሰው ነዳው። ጥፋቱ የእኛ የአስተማሪዎቹ ነው። ይህን ነገርኳት። ባሏን ደወለችለት፤ ሚሌ ደርሶ ዙህር ሊሰግድ ውሃ እየፈለገ ነበር። «ወረቀቱን ብንቀድደው አንድ ነገር ቢሆንስ?» አለችኝ ስልኩን ስትዘጋ። «እህቴ፣ የሚሆነው ነገር በአላህ ቀደር ነው። አንድ ነገር ቢሆን እንኳ በዚህ ወረቀት ምክንያት ነው እንዳትዪ። ያን ካልሽ ወረቀቱን ፈራሽው ማለት ነው» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ዘጠኙን ቅጂ ከልጇ እጅ ተቀብላ፣ የአላህና የነቢዩ ስም ስላለበት ሳትጥለው፣ ምድጃው ውስጥ አቃጠለችው። ልጅቷም ቁርኣኗን ገልጣ ካቆመችበት ቀጠለች።

አላህ ልባችንን በኪታቡ ያብራልን፤ ወዳጆቹን የምንወድ፣ በስማቸው ከሚነግዱትም የምንጠበቅ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።